ሁለት ቀን የተነፈገው የኖርማን ባሮ ሽንኩርት

ለክቡር የሄተርሾ ከተማ ምክር ቤት የመቃብርና የአትክልት ቦታዎች ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ፣ ጉንፋንዎ፣ የማኅተምዎ ቀለም ሳይቀር ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። በዚህ ከተማ «ደህና ነሽ?» የሚል ሰው መልሱን ሳይሰማ አልፎ እንደሚሄድ አላጣሁትም። ከነብራስካ በመጣሁበት በመጀመሪያው ዓመት ሥጋ ሻጩ «ደህና?» ባለኝ ቁጥር ስለ ጉልበቴ ቆሜ ስተርክለት፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ ጫማ ጫማውን ያይ ነበር። ይሁንና ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ኖሬም አሜሪካዊት ነኝና፣ ስጠይቅ የምጠይቀው ለማወቅ ነው። ክቡርነትዎም የእኔን ቢጠይቁኝ የምመልሰው በእውነት ነው፤ ከሰኔ ወዲህ ምንም አይሰማኝም። አልታመምሁም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የቆሻሻ መጣያዎቹን በየቀለማቸው በየተራቸው አወጣለሁ። ደንዝዣለሁ፤ ሌላ ስም ላወጣለት አልቻልሁም።

ጉዳዬ አጭር ነው። ባለቤቴ ኖርማን ጋርባት፣ የዚሁ ከተማ ተወላጅ፣ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ፣ በምክር ቤቱ የአትክልት ስፍራ የቁጥር 17 ተከራይ ነበር። በዚያች ቁራሽ መሬት ላይ ባሮ ሽንኩርት ያለማ ነበር። ለሾርባ የሚከተፈውን ማለቴ አይደለም፤ የሕፃን ጭን የሚያህለውን፣ በየመስከረሙ በሠራተኞች ክበብ ትርዒት ላይ ዙሪያው እየተለካ የሚሸለመውን ነው። ዘሩ ከአባቱ የወረሰው ነው። በየዓመቱ ምርጥ ሁለቱ ይቀመጡና የሚቀጥለው ዓመት ችግኝ ከእነርሱ ይወጣል፤ እንዲህ ሲል ሲል ስልሳ ዓመት አልፎታል። አንድ ዓመት ከተቋረጠ አበቃ፤ ገበያ ላይ አይገኝም። ኖርማን ሆስፒታል ተኝቶ የተናገረው የመጨረሻ ቃል ስለ እኔ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ያለኝ «ውኃ አታብዢባቸው፤ እስከ ትርዒቱ አድርሺልኝ» ነው። አደርሳለሁ አልኩት።

አደራው ይህ ነበር። ከዚህ ቀጥሎ ክቡርነትዎ ለአደራዬ ያደረጉልኝን ትብብር በየተራ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፦ ክፍልዎ መቃብሩንም አትክልቱንም ባንድ ላይ ማስተዳደሩ ያስደንቀኛል። በነሐሴ ወር በአንድ ቀን፣ በአንድ ፖስተኛ፣ በአንድ ፊርማ ሁለት ደብዳቤ ደረሰኝ። በመጀመሪያው ለባለቤቴ ረድፍ መ ቁጥር 114 ለሰባ አምስት ዓመት እንደተሰጠው ገልጸው፣ የተሰማዎትን ጥልቅ ኀዘን አክለዋል። በሁለተኛው ደግሞ ተከራዩ በሞት ስለተለየ ቁጥር 17 እስከ መስከረም 12 ሐሙስ ተጠርጎ እንዲለቀቅ፣ ካልተለቀቀም ምክር ቤቱ ራሱ እንደሚያጸዳው አስታውቀዋል። ኀዘኑ ያለው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ቦታ አልበቃ ብሎ ይሆናል። በአንድ እጅ መስጠትና በሌላው መንሣት የፈጣሪ ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ትርዒቱ ግን ቅዳሜ ነው፤ መስከረም 14። ከተማው በሙሉ ያውቀዋል።

ሁለተኛ፦ ጥፋቱ ከእኔ መጀመሩን አልክድም። ሞቱን ያስመዘገብኩ ዕለት ጸሐፊዋ «ባለቤትዎ ከምክር ቤቱ የያዙት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ አንድ በአንድ ቆጠርኩላት፤ የቤተ መጻሕፍት ካርድ፣ የአረጋውያን የአውቶቡስ መታወቂያ፣ ቁጥር 17። ከቀብር መልስ በክበቡ ተሰብስበን ሳንድዊች ሲበላ ይህንኑ ለሬጅ ታለንታየር ነገርኩት። ሬጅ የቁጥር 18 ተከራይ፣ የባለቤቴ የአጥር ጎረቤትና የሠላሳ ዓመት ባላንጣ ነው። ሻዩን ከአፉ መለሰው።

«ነገርሻቸው? ኧረ እትዬ ቨርና ምን ነካሽ! በሄተርሾ ከትርዒቱ በፊት ማን ይሞታል? ሰው ቢሞት ቢሞት ከመስከረም ወዲያ ነው!» አለኝ። ሚስቱ ሞሪን «ተዋት እባክህ፣ ምን ታድርግ፣ ሳታውቅ ነው፤ እንግዲህ ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ብላ ሌላ ሳንድዊች ሳህኔ ላይ አኖረችልኝ። «ዝም አይነቅዝም ነበር፤ ዝም ብትይ ምን ነበረበት!» እያለ ሬጅ ራሱን ሲነቀንቅ ዋለ። ለካስ በዚህ ከተማ ሞት ለዘመድ፣ ለቄስና ለክበቡ ይነገራል፤ ለምክር ቤት አይነገርም። ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር ይህን የነገረኝ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ለሰው መንገር እዚህ እንደ ስድብ ይቆጠራልና።

ሦስተኛ፦ ሁለት ቀን እንዲጨመርልኝ ለመጠየቅ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። መስኮቱ ላይ የተቀበለችኝ ልጅ ትሕትናዋ ወደር የለውም፤ በአምስት ደቂቃ ዘጠኝ ጊዜ ይቅርታ ጠየቀችኝ። «ይቅርታ እናቴ፣ ማራዘሚያ መጠየቅ የሚችሉት ተከራዩ ራሳቸው ናቸው፤ በአካል ቀርበው መፈረም አለባቸው» አለች። ሞቷል አልኳት። «አዎ ይቅርታ፣ ውሉ የተቋረጠውም ለዚሁ እኮ ነው።» ታዲያ ያለው እናንተው ዘንድ ነው፣ ረድፍ መ ቁጥር 114 ፈልጊው አልኳት። ኮምፒውተሯን ነካካችና ፊቷ በራ፤ «አዎ! እዚህ አገኘኋቸው!» አለች። ወዲያው ደግሞ ድምጿ ወረደ፤ «ይቅርታ፣ ይሄ ግን ሌላ መዝገብ ነው።» በስተመጨረሻ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል ስለተባልኩ፣ እዚያው ቆሜ በትልልቅ ፊደል አመለከትሁ። ልጅቱን እንዳይቆጧት እለምንዎታለሁ፤ ከክፍልዎ ውስጥ ባለቤቴን በስሙ የፈለገው እርሷ ብቻ ናት።

አራተኛ፦ ረቡዕ ጠዋት ሬጅ አካፋ ይዞ መጣ። «በይ ነይ፣ ዛሬውኑ ከነሥራቸው አውጥተን ወደ እኔ እናዛውራቸው። ለትርዒት ባይሆኑ ባይሆኑ ዘሩ ይተርፋል» አለኝ። አይሆንም አልኩት። ጽፌላቸዋለሁ፣ ይመልሱልኛል አልኩት። ክቡር ሆይ፣ እኔ ያደግሁት ለመንግሥት መሥሪያ ቤት በትሕትና የጻፈ ሰው መልስ አያጣም እየተባልሁ ነው። ሬጅ «ይመልሱልኛል!» ብሎ ደገመውና አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። ቀኑን ሙሉ በኖርማን በርጩማ ላይ ተቀምጬ የአትክልቱን በር ሳይ ዋልኩ። ነቅዬ ማዳን እችል ነበር። አልነቀልኩም። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን፣ በእርስዎ ላይ የነበረኝ እምነት ምን ያህል እንደነበረ እንዲያውቁት ብዬ ነው።

ሐሙስ በሦስት ሰዓት ሁለት ሠራተኞችዎ የማረሻ መኪና ይዘው መጡ። ትልቁ ሰውዬ አሥራ ስድስቱን ባሮ ሽንኩርት አይቶ ቆቡን አወለቀ፤ እሱም አትክልት አልሚ ነበር መሰል። «እናቴ፣ የማንም ሰው እጅ ሥራ አይደለም ይሄ፤ ግን ወረቀቱ ሐሙስ ይላል» አለኝ። ከዚያ ፔርሙዙን አውጥቶ ሻይ ቀዳልኝ፤ ሦስታችንም ዝናብ እያካፋብን ቆመን ጠጣን፤ ስለ ዝናቡም ጥቂት ተነጋገርን። ሻዩ ሲያልቅ መኪናውን አስነሣ። አራት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ምንም አልተሰማኝም። ኩባያውን በቧንቧው አጥቤ መለስኩለት፤ አመሰገነኝ።

ቅዳሜ ትርዒቱ ላይ ሄድኩ፤ ቤት ብውልም ያው ነው ብዬ። የክበቡ ሰዎች በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የኖርማንን ስም ጽፈው ቦታውን ባዶ ትተውለት ነበር፤ ማንም ስለ እሱ አላወራም። አንደኛ የወጣው ሬጅ ነው። ሲጨበጨብለት አንገቱን ደፋ፤ ዋንጫውን ተቀብሎ ቢራ ሳይቀምስ ወደ ቤቱ ሄደ። በሄተርሾ ይህ ሐኪም የሚያስጠራ ነገር ነው።

እሑድ ከቀትር በኋላ በሬ ተንኳኳ። ሬጅ ነው፤ ከረቫት አስሮ፣ ባልዲ ይዞ። ባልዲው ውስጥ አንደኛ የወጡት ሁለት ባሮ ሽንኩርቶች ከነሥራቸውና ከነአፈራቸው ቆመዋል። ደጄ ላይ እንደቆመ፣ ዓይኑን ከባልዲው ሳያነሣ እንዲህ አለኝ። «የዛሬ ሰባት ዓመት ኖርማን ለጉልበቱ ቀዶ ጥገና የተኛ ጊዜ፣ እሑድ ጠዋት ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን እያለ፣ አጥሩን ዘልዬ አራት ችግኝ ሰረቅሁ። ይኸው ከዚያ ወዲህ እኔ ጋ ያለው ሁሉ የሱ ዘር ነው። የኔ አንድም የለም እትዬ ቨርና፤ የኔን ጥዬዋለሁ፤ እንትን የማያህል ነበር።» ኖርማን ያውቅ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ኧረ ያውቃል! በዓመቱ አጥሩን ተደግፎ ብዙ ሲያይ ቆየና፣ ‹ሬጅ፣ ሽንኩርትህ ቁርጥ አባቴን ይመስላል› አለኝ። ከዚያ በቀር እስኪሞት ድረስ አንድ ቃል አልወጣውም።»

ክቡር ሆይ፣ ሳቅሁ። በሰኔ በቀብሩ ላይ ያልወጣኝ ነገር ከሳቁ ኋላ ተከትሎ መጣና፣ ደጄ ላይ፣ በጠራራ ቀን፣ ጎረቤት እየሰማ እሪ ብዬ አለቀስኩ። ሬጅ ባልዲውን አስቀምጦ፣ አንዴ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «እንግዲህ... ሻይ ልጣድ መሰለኝ» ብሎ ወደ ማድ ቤቴ ገባ። ስሙን እዚህ እንድጽፍ ራሱ ፈቅዶልኛል። ከተማው ስርቆቱን ሰባት ዓመት ሙሉ ያውቀው ኖሯል፤ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አምስተኛ፦ ማክሰኞ ዕለት ከክፍልዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። «የተከበሩ አቶ ኖርማን ጋርባት፣ የጠየቁትን የሁለት ቀን ማራዘሚያ በደስታ የፈቀድን መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። የተጻፈው ረቡዕ ነው። ፈጣኑ ፖስታ እያለ በዘገምተኛው የላኩት ቁጠባ መሆኑ ገብቶኛል። ደብዳቤውን ለተጻፈለት ሰው ረድፍ መ ድረስ ወስጄ፣ ቆሜ አንብቤለታለሁ።

እንግዲህ ምንም አልጠይቅም። በተጠባባቂዎች መዝገብዎ ላይ ስሜ ስድሳ ሦስተኛ ላይ ሰፍሯል፤ ዘጠኝ ዓመት ይወስዳል ተብያለሁ፤ እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ቁጥር 17 ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ማንም ሳይረግጠው አረም ለብሷል፤ ሲያልፉ አይተውት ይሆናል፤ በወረቀትዎ ላይ ግን ንጹሕ ነው።

ፊርማዎን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የማየት ዕድል ያገኘች፣ ሻይዎን በዝናብ የጠጣች፣ ለክፍልዎ ረጅም ዕድሜና ፈጣን ፖስታ የምትመኝ፣

ትሑት አገልጋይዎ
ቨርና ጋርባት፣ የኖርማን ጋርባት ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሁለቱ ባሮ ሽንኩርቶች ተተክለዋል፤ ይዘዋልም። ያሉት ከቁጥር 17 ሌላ ካሉት አርባ አንድ የአትክልት ቁራሾችዎ በአንዱ ላይ ነው፤ በየትኛውና በማን ስም እንደሆነ ግን ሰው ልከው ቢያስጠይቁ፣ አርባ አንዱም ተከራይ ስለ ዝናቡ ያወራልዎታል እንጂ ሌላ አይነግርዎትም። እኔንም ቢጠይቁኝ አላውቅም እላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ታግዬ የሄተርሾ ሰው መሆን አቅቶኝ ነበር፤ እርስዎ በአንድ ሐሙስ አደረጉኝ።