ከርዕሰ መምህሩ ፎቶ በስተጀርባ ስለቀረው ፈተና

ለክቡር ዶክተር ሂላሪዮን ጉማፓክ
የካሎባን ደሴት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር
ባሉበት

ክቡር ሰር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለጉልበትዎ፣ ለደም ግፊትዎ፣ እንዲሁም በየዓመቱ አዲስ ፎቶ ለሚነሣው መልክዎ ደኅንነትን እመኛለሁ። ቀጥዬም በከባድ ጸጸት የምናዘዘው አንድ ኃጢአት አለብኝ። ባለፈው ማክሰኞ በነፍስ ኄር እናትዎ መቃብር ላይ ወጥቼ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ተቀምጫለሁ። በንቀት እንዳይመስልዎ። በደሴታችን ኢንተርኔት ደህና አድርጎ የሚገባው በመቃብር ቦታው ነው፤ ከመቃብሮቹ ሁሉ ደግሞ ረጅሙን ያሠሩት እርስዎ ነዎት። ከመውጣቴ በፊት እንደ ወጉ ለማይታዩት ነዋሪዎች “ይቅርታ፣ ልለፍ” ብያለሁ። አንዳቸውም የይለፍ ቃል አልጠየቁኝም።

ኃጢአቱ የእኔ ብቻ አይደለም። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ ስልካችንን ወደ ሰማይ ዘርግተን በየመቃብሩ ላይ ተደርድረን ነበር። የመቃብሩ ጠባቂ ናናይ ቶማሳ መጥረጊያዋን ይዛ መጥታ የማን ቀብር እንደሆነ ጠየቀችን። የሒሳብ ፈተና ነው አልናት። አማተበችና፣ “ሟቹ ታዲያ ማነው?” አለች። ያኔ ሳቅን። አሁን ግን መልሱን ስለማውቀው አልስቅም፤ ስለዚህም ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩. “ሲናግ” የተባለውን የትምህርት ድረ ገጽ ስለሰጡን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በተለይ ገጹ ሲከፈት በቅድሚያ የእርስዎ ፎቶ፣ ከዚያ የከንቲባው፣ ከዚያ የከንቲባው ባለቤት፣ ቀጥሎም እርስዎ የትምህርት ቤቱን መዝሙር ሲዘምሩ የሚያሳየው ቪዲዮ እንዲመጣ መደረጉ ልብ ይነካል። በደሴታችን አዲስ የሽንት ቤት በር እንኳ ሲገጠም የባለሥልጣን ፎቶ ያለበት ባነር ከበሩ እንደሚበልጥ አውቃለሁና አልገረመኝም። ባነሩን ግን በጎኑ አልፈን እንገባለን። የእርስዎ ፎቶ ግን ማለፊያ የለውም። ያውም ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ስለሚወርድ፣ ማክሰኞ ዕለት አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ግንባርዎን ብቻ ስመለከት ቆየሁ። አሁን በግንባርዎ ላይ ፈተና ቢሰጠኝ መቶ ከመቶ አገኛለሁ።

የፈተናው ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ደግሞ ጥያቄው ሲታይ ሳይሆን ፎቶው መውረድ ሲጀምር ነው። ይህን ያሰበው ሰው ሰዓት አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

፪. ካሜራ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን፣ ከተማሪው በስተጀርባም ንጹሕና ጨዋ ነገር ይታይ የሚለው መመሪያዎም እጅግ የሚያስመሰግን ነው። ከኋላዬ መስቀልና የሁለት መላእክት ሐውልት ይታይ ነበር። ድረ ገጹ “ለትምህርት የማይመች ሥፍራ” ብሎ አምስት ነጥብ ቀነሰብኝ። ቅሬታዬን ለመላእክቱም አቅርቤያለሁ፤ ከእርስዎ ቢሮ ፈጥነው ይመልሱልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

፫. እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ላቁም። የአክስቴን ልጅ ሮዴልን ያውቁታል፤ በሒሳብ ከእኔ ይሻላል፤ ይህንንም የምጽፈው ሳልወድ በግዴ ነው። የእሱ ስልክ የእርስዎንና የእንግዶችዎን ፎቶ አውርዶ እስኪጨርስ ከአርባው ደቂቃ ሠላሳ አንዱ አለቀ። በቀረው ዘጠኝ ደቂቃ ዘጠኝ ጥያቄ ሠራ፤ ዘጠኙንም አገኘ። ከዚያ መዝሙርዎ እንደ አዲስ ተጀመረና ገጹ ተዘጋ። ውጤቱ ዜሮ ሆኖ መጣ፤ ከሥሩም “ትጋት ይጎድለዋል” ተብሎ ተጽፏል።

እናቱ እጁን ይዛ ቢሮዎ ድረስ መጣች። እኔም ከኋላ ነበርኩ። እርስዎም እንዲህ አሉት፦ “አንተ ልጅ፣ ድረ ገጹ ምንም አልሆነም። እኔ እዚህ ቢሮዬ ስከፍተው ቶሎ ነው የሚከፈተው።” እውነትዎን ነው። ለትምህርት ቤቱ በሙሉ ተብሎ የመጣው የሳተላይት ሳህን የተተከለው ከእርስዎ ቢሮ ጣሪያ ላይ ነው። ዓርብ ዓርብ ከመምህራን ጋር ካራኦኬ ሲዘፍኑበትም ድምፅዎ አንዴም ሲቆራረጥ አልሰማንም። ቢቆራረጥ ደስታችን ነበር።

ካላማሪ የሚሉትን የባሕር እንስሳ የምታጠምደው የሮዴል አጎት ጀልባ ረቡዕ ትነሣለች። ሒሳብ ካላለፈ አሥራ አንደኛ ክፍል አይገባም፤ ካልገባ ጀልባዋ ላይ ይወጣል። ባለፈው ዓመት ለአንድ ወቅት ብለው የወጡት ሁለት ልጆች እስከ ዛሬ ክፍል አልተመለሱም። የድጋሚ ፈተናው የሚከፈተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዛሬ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይም ይዘጋል። እርስዎ ይህን ቀነ ገደብ ያሳወቁን በዚያው በማይከፈተው ገጽ ነው፤ ለጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፬. አራተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ግን እርስዎም ሥራ አለብዎት።

በመጨረሻም በሴቡ ከተማ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደው፣ በሰርተፊኬትና በአንድ ሻንጣ የደረቀ ማንጎ ታጅበው ወደዚህ ዘመን ላሸጋገሩን ለእርስዎ፣ ከፎቶዎ ግርጌ ሆኜ፣ መላው መልክዎ ወርዶ የሚያልቅበትን ቀን በትዕግሥት የምጠባበቅ፣

ታዛዥ ተማሪዎ፣
ጄሳቤል ካባሉና
አሥረኛ ክፍል “ለ”

ግልባጭ፦ ለማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ለዓሣ ገበያው ግድግዳ፣ ለናናይ ቶማሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክቡር ሰር፣ ይህን ደብዳቤ በቢሮዎ በር ላይ ተለጥፎ ያገኙት ከሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት ሲመለሱ ነው። የሰኞ ንግግርዎ ከአርባ ደቂቃ አንሶ አያውቅም፤ የሒሳብ ፈተናውም አርባ ደቂቃ ነው። ዛሬ ግን ዝናቡ ያሳጥርብናል ብዬ ስለፈራሁ፣ እዚያው በሩ ላይ ቆመው የሚያነቡት ነገር እንዲኖር በማለት ደብዳቤውን በአክብሮት አንዛዛሁት። ሮዴል እዚህ ውስጥ ወንበርዎ ላይ ተቀምጦ የድጋሚ ፈተናውን እየሠራ ነው። አልረዳሁትም፤ ሞክሬ ነበር፣ “ዝም በይ፣ ታሳስቺኛለሽ” አለኝ። እውነትም እዚህ ሲከፈት ፎቶዎ እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ ያልፋል።

ይህችን የመጨረሻ ወረቀት በበሩ ሥር ነው የማሳልፍልዎ። ከውስጥ ቆልፌአለሁ፤ ይቅርታ። ሲያነቡ ይሰማኛል፤ ሁለተኛው ቁጥር ላይ የሳቁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳል ነው። ሮዴል ከአርባው ጥያቄ ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ደርሷል። አሁን በሩን መቱት።

“ጄሳቤል ካባሉና!”

አቤት ሰር። አለሁ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ቀርቶታል፤ እስከዚያ ድረስ እባክዎ አራተኛውን ቅሬታ ልጻፍልዎ።