ከመታየቱ በፊት ታይቶ ያለቀ ቤት

ለተከበሩ የአዳዲስ ቤቶች ርክክብ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ፤ በተለይ ዓይንዎ ደኅና እንዲሆን አጥብቄ እመኛለሁ፤ ደጃፍ ሳይረግጥ መቶ ሃያ ቤት ያየ ዓይን እንደ ብርቅ ሊጠበቅ ይገባዋልና።

እኔ በአዲሱ ሕንፃ ከምድር ወለል ሁለተኛው በር የደረሰኝ ልብስ ሰፊ ነኝ። እናቴ እግሯ ከከዳት ሦስት ዓመት አልፎታል፤ የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ይህንኑ በማመልከቻዬ ስለገለጽኩ ከምድር ወለል ሰጥታችሁኛልና እግዜር ይስጥልኝ። አሁን በተከራየንበት ቤት መጸዳጃው ግቢው ጥግ ስለሆነ ወንድሜ አዝሎ ያወጣታል፤ እሱ ሥራ የዋለ ቀን እናቴ ሰው እንዳላስቸግር ብላ እስኪመለስ ድረስ ውሃ አትቀምስም። አዲሱን ቤት የጠበቅነው ለሳሎኑ ስፋት እንዳልሆነ በዚህ ይረዱልኛል።

ታዲያ ባለፈው ሰኞ ቁልፍ ልረከብ ብመጣ፣ ጸሐፊዎ “ቤቱን በሚገባ አይቼ፣ ምንም ሳይጎድል ተረክቤአለሁ” የሚል ቅጽ አቀረቡልኝና፣ ቁልፉ የሚሰጠው ከፈረምኩ በኋላ፣ ቤቱም የሚታየው ቁልፉን ከያዝኩ በኋላ መሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለውን ተረት መሥሪያ ቤትዎ መመሪያ አድርጎ ማውጣቱን እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። ሠላሳ ዓመት ልብስ ስሰፋ፣ ሳይለካው ልክ ነው ብሎ የፈረመልኝ ደንበኛ የለም፤ ለመጠየቅ ድፍረቱ አንሶኝ ይሆናል።

ስለዚህ ሳልፈርም ቅጹንና ሜትሬን ይዤ ወደ ሕንፃው ሄድኩ። ያየሁትን በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ፦

፩ኛ. ቅጹ “ቀለም፦ ሙሉ በሙሉ ተጠናቋል” ይላል። በሩን ከውስጥ የከፈተልኝ ቀለም ቀቢው ነው። ሰውየው ቅጹን አንብቦ፣ እንዲህ ከሆነማ ልሂዳ ብሎ ብሩሹን ሊያጥብ ነበር፤ በስንት ልመና አስቀረሁት።

፪ኛ. “የባልኮኒው መደገፊያ ብረት ጠንካራ ነው” በሚለው ላይ የራይት ምልክት ተደርጓል። ቤቴ ባልኮኒ የለውም። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ ባልኮኒ አለኝ በሰማይ ያሰኙኝ ግን እርስዎ ነዎት። በሕንፃው ቤት የደረሳቸው የወደፊት ጎረቤቶቼ ቅጻቸውን ቢያሳዩኝ፣ የሁሉም ምልክት አንድ ዓይነት፣ ጥጉ ላይ ያለችው የቀለም ጠብታም ሳትቀር አንድ ዓይነት ናት። ለካስ የታየው አንድ ቤት ነው፤ የቀረውን ያየልን የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ነው። ምስጋናዬን ያድርሱልኝ፤ ከመሥሪያ ቤቱ ሥራውን በአግባቡ የሚሠራ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

፫ኛ. በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ አንድ ጠርሙስ ውሃ ባፈስ፣ ውሃው ማስወገጃውን ሸሽቶ መኝታ ቤት ገባ።

፬ኛ. የመታጠቢያ ቤቱ በር። ቅጹ ስፋቱን ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ይለዋል፤ ሜትሬ ሃምሳ ስምንት ይላል። ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ቀለም ቀቢውም ለካ። የእናቴ ወንበር ስልሳ አራት ነው። ልብስ ቢሆን ጎኑን ፈትቼ እለቀው ነበር፤ ግድግዳ ግን ስፌት የለውም። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ጨዋነቴ ስላለቀብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንጀቴ አሯል። እናቴ በስድስት ሳንቲ ሜትር ምክንያት በገዛ ቤቷም ጥሟን ይዛ ልትውል ነው።

እስከ ዐርብ ካልፈረምኩ ቤቱ ለተጠባባቂ እንደሚተላለፍ ጸሐፊዎ አስታውቀውኛል። ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ፤ አልፈርምም። በሩ ይስፋና፣ በማግስቱ እናቴ ራሷ ገብታ አይታ ትፈርማለች።

ሳያዩ የማየት ጸጋዎን ዘወትር እያደነቅሁ፣ በታላቅ ትሕትና እሰናበትዎታለሁ።

የምድር ወለል ሁለተኛ በር ተረካቢ፣ ገና ያልተረከበችው
ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ዐርብ ጠዋት የእናቴን ወንበር ይዤ ደጃፉ ላይ እጠብቅዎታለሁ፤ ተቀምጠውበት ወደ መታጠቢያ ቤቱ ይገቡልኛል። አሠራርዎን እንዳልጥስ፣ “በወንበሩ ተቀምጬ ያለ ምንም ችግር ገብቻለሁ” የሚል ቅጽ ምልክቱን አድርጌ አያይዤዋለሁ። መጀመሪያ ይፈርሙ፤ ከዚያ ይገባሉ። ሲመጡ ደግሞ፣ አደራ፣ ውሃ በደንብ ጠጥተው ይምጡ።