በስብከት መካከል ስለተሰማው «ኦሌ»

ለተከበሩ ጋሽ ሕሩይ
የጉባኤያችን የሽማግሌዎች ሰብሳቢ
ጊንሃይም፣ ፍራንክፈርት

ግልባጭ፦ ለመላው ምእመን፣ በጉባኤው የቴሌግራም ገጽ

በጌታ የተወደዱና የተከበሩ ጋሽ ሕሩይ፦

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ሰዓት እርስዎም የተከበሩት ባለቤትዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ፣ ጉልበትዎ የመድረኩን ደረጃ ለመውጣት እንዳይሰንፍ፣ ዓይንዎ ጥቅስ ለመፈለግ እንዳይደክም፣ በተለይም ድምፅዎ ያለ ማይክ እስከ ኋላ ወንበር የሚደርስበት ኃይሉ እንዳይቀንስ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ወጉ ስለሆነ ነው እንጂ ካለፈው ወር ወዲህ አንድ ቦታ መርጋት አቅቶኛል። ይህን ደብዳቤ እንኳ ግማሹን ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የምግብ ትሪ ከምንደረድርበት ክፍል ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ ግማሹን ወደ ቤቴ ወደ ሮደልሃይም ስመለስ ኤስባን ባቡር ውስጥ ነው የጻፍኩት፤ እግሬ ወለሉን ሲደበድብ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ተነሥተው ቦታ ቀይረዋል። ስለዚህ አሳቤ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢዘል ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ። እሑድ ይቅርታ መጠየቅ ስለሚጠበቅብኝ ከአሁኑ መለማመዱ አይከፋም።

እህት የሺወርቅ ስልክ ደውላ የሽማግሌዎችን ውሳኔ አሳውቃኛለች። እሑድ መድረክ ላይ ወጥቼ «ዓለማዊ ጭፈራ ወደ እግዚአብሔር ቤት በማስገባቴ» ምእመኑን ይቅርታ እንድጠይቅ፣ እስከዚያ ከሕፃናት ክፍል አስተማሪነቴ እንድታገድ፣ ልጆቼም ከጉባኤው ተለይተው ከኋላ ባለችው ክፍል እንዲቀመጡ ተወስኗል። እህት የሺወርቅ «ዘርፊዬ፣ እኔ እንደ ፖስት ነኝ፣ በእኔ እንዳትቀየሚ» ብላኛለች፤ በእርሷ አልተቀየምኩም። ውሳኔው በስልክ መምጣቱ ጊዜዬን ስለቆጠበልኝም አመሰግናለሁ፤ ጠርታችሁ «ነገሩ እንዴት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ ለሁላችሁም የሚመች ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ መፈለግ ሊኖርብን ነበር።

«ኦሌ» በተሰማበት በዚያ እሑድ ያልነበሩ ምእመናን እንዳይደናገሩ ከመነሻው ላስረዳ። በጥቅምት፣ ልጆቻችን ፌሪየን በሚሉት የትምህርት ቤት ዕረፍት፣ ስዊድን ወዳለችው የባለቤቴ እኅት ልንሄድ አስበን ነበር። ባለቤቴ ተካልኝ ሻንጣ የሚጭንበት ክፍል ሰው ስላነሰው ግን ኡርላውቡ፣ የዓመት ፈቃዱ፣ ተሰረዘበት፤ እሱ የሌላውን ሰው የዕረፍት ሻንጣ ሲጭን እኛ ቤት ቀረን። ሁለት ልጆች፣ የሰባት ዓመቷ ዶርቃና የአምስት ዓመቱ ቶሚ፣ ዝናብ ሲዘንብ ቤት ውስጥ ሲውሉ ምን እንደሚመስል እርስዎ ልጆች ያሳደጉ አባት ነዎትና ያውቁታል፤ ካላወቁት ባለቤትዎን ይጠይቁ። እሑድ እሑድ እኛ የምንከራየው አዳራሽ በአዘቦት ቀን የሰፈሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ስለሆነ፣ ለልጆች ዕረፍት ያዘጋጁትን ጠየቅሁ። ዋናው ሞልቷል፣ እግር ኳሱ ሞልቷል፣ የሸክላ ሥራው ሞልቷል። ቦታ የቀረው «ፍላሜንኮ ለጀማሪዎች፣ ሕፃናት ከወላጅ ጋር» የሚለው ብቻ ነበር፤ ስፔኖች እያጨበጨቡ በተረከዛቸው ወለል የሚመቱበት ጭፈራ ነው። «ከወላጅ ጋር» ማለት ወላጅ ጥግ ይዞ ስልኩን ያያል ማለት መስሎኝ ተመዘገብኩ።

አሁን ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። እኔ ያደረግሁትን ነገር «ጭፈራ» ብለው ስለጠሩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከእርስዎ በቀር ይህን ክብር የሰጠኝ ሰው የለም። አስተማሪያችን ወይዘሮ ኢንማ በወጣትነታቸው ለፋብሪካ ሥራ ከስፔን መጥተው እዚሁ ያረጁ ሴት ናቸው፤ ዳሌያቸው ስለሚያማቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው ወለሉን እየመቱ ነው የሚያስተምሩት። እጄን ወደ ላይ ባነሣሁ ቁጥር «ሹልተር፣ ሹልተር» ይሉኛል፤ ትከሻሽን አሳርፊው ማለታቸው ነው። የእኔ ትከሻ ደግሞ ጭብጨባ እየሰማ ዝም ማለትን አልተማረም። እግሬን ሳስብ ትከሻዬ ይነሣል፤ ትከሻዬን ስይዝ እግሬ ይጠፋብኛል። በመጨረሻ ዶርቃ ክንዴን አስተውላ «ማማ፣ መስኮት የምትወለውዪ ትመስያለሽ» ብላ በጀርመንኛ ለክፍሉ ሁሉ አስታወቀች። መስኮት መወልወል ኃጢአት ከሆነ የዚህ ከተማ እኅቶች ብዙዎቻችን ከመንግሥተ ሰማይ ቀርተናል። ሽማግሌዎች ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ወጥታችሁ መድከማችሁ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛ። «ወደ እግዚአብሔር ቤት አስገባሽ» ተብያለሁ። ወይዘሮ ኢንማ በዚያ አዳራሽ ማስተማር የጀመሩት ጉባኤያችን ከመከራየቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ የገባው ማን እንደሆነ በሰከነ መንፈስ ቢታይ ደስ ይለኛል። ደግሞም ሃውስማይስተሩ፣ የአዳራሹ ጠባቂ፣ በሩ ላይ የለጠፈውን «እባካችሁ አትዝለሉ» የሚል ማሳሰቢያ ሁላችንም አይተነዋል። ለፍላሜንኮ ተማሪዎች የተጻፈ አይደለም፤ እነርሱ ለተረከዛቸው የራሳቸውን ሳንቃ ያነጥፋሉ። የተጻፈው መዝሙሩ ሲግል ለምንዘለው ለእኛ ነው። እርስዎም በዚያ ሰዓት የሚያሳዩት ቅልጥፍና ወጣቶቹን የሚያስቀና ነው፤ ጌታ ያቆይልን።

ሦስተኛ። ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እስካሁን ዙሪያውን የዞርኩት ስለሚያመኝ ነው። ወይዘሮ ኢንማ ለልጆቹ አንድ ሕግ አስተምረዋል። ልጆቹ በየተራ መሃል ይቆማሉ፣ ሌሎቹ ያጨበጭባሉ፤ የቆመው ደንግጦ ወይም ረስቶ ቀጥ ካለ፣ ብቻውን የሆነ እንዳይመስለው «ኦሌ» ይሉታል። አይዞህ፣ አለንልህ እንደማለት ነው። ቶሚ መጀመሪያ ላይ በ«ኦሌ» ፈንታ «አሜን» ይል ነበር፤ እኛ ዘንድ ያደገ ልጅ ስለሆነ ሰው ፊት ለቆመ ሁሉ አሜን የሚባል ይመስለዋል። ወይዘሮ ኢንማ ሳቁና ተዉት። ሌሎቹ ሕፃናትም ወደዱትና፣ ጀርመኑም ቱርኩም «አሜን» እያለ ሲያጨበጭብ ሰነበተ። የጉባኤያችን የወንጌል ሥርጭት ክፍል ይህን ፍሬ በዓመታዊ ሪፖርቱ ቢያካትተው እኔ ምስጋናውን አልጠይቅም።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። እርስዎ እየሰበኩ ሳለ ታብሌትዎ ጠፋ፤ ጥቅሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነበር። ቢነካኩት፣ ቢያገላብጡት አልበራ አለ። እኛ ትልልቆቹ እርስዎን ላለማየት ጫማችንን አየን። እርስዎን ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበር። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ወለል ላይ፣ ሰው ብቻውን ቆሞ ቀጥ ሲል ምን እንደሚደረግ ቶሚ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ወንበሩ ላይ ወጣና አጨብጭቦ «ኦሌ!» አለ። ልረዳዎት ነው ብሎ ነው፣ ጋሽ ሕሩይ። በአዳራሹ ውስጥ ልረዳዎት ያለ ሌላ ሰው አልነበረም።

የተሳቀው ከዚያ በኋላ ነው። ኪቦርድ የሚጫወተው ወንድም በኪቦርዱ ላይ እስኪደፋ ሳቀ፤ መዘምራኑ ሳቁ፤ ከሽማግሌዎችም ሁለቱ መሐረብ አፋቸው ላይ ሲያደርጉ አይቻለሁ፣ ስማቸውን አልጠራም። እርስዎም «የማን ልጅ ነው? አፉን ያዙልኝ» አሉ። አስተናጋጁ ወንድም በታዘዘው መሠረት የልጄን አፍ በመዳፉ ይዞ ወደ ኋላ ክፍል ወሰደው። ሌሊቱን ሻንጣ ሲጭን ያደረው አባቱ አጠገቡ አንቀላፍቶ ነበር፤ እኔም ከረድፉ መካከል ሰው አልፌ እስክወጣ ነገሩ አልቆ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ምናልባት ማንም አልነገረዎት ይሆናል፤ ምእመኑ እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለ ልጁ «ኦሌ» አይደለም፤ በስብከት መካከል ስለጠፋው ታብሌት ነው። የጠፋውንም ጥቅስ ሁላችንም በጉጉት እየጠበቅን ነው።

አራተኛ። የቅጣቱን አመዳደብ እጅግ አደንቃለሁ። ከሳቁት አንድም ሰው አልታገደም። ካልሳቁት መካከል ግን አንድ ሕፃን፣ እኅቱና እናቱ ታግደዋል። ዶርቃ ምን አጠፋች ብዬ ብጠይቅ እህት የሺወርቅ ትንሽ አሰብ አድርጋ «እሷም ታጨበጭባለች አሉ» አለችኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይህ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ቢታገድ እሑድ ማን ሊጫወትልን ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ቢጎድል ግን ፕሮግራሙ አይስተጓጎልም።

አምስተኛውን ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ለጉባኤ የሚነበብ አልነበረም።

ዕረፍት የነሣኝን ነገር አሁን ልናገር። ቶሚ ከዚያ እሑድ ወዲህ አዳራሹ ውስጥ ቃል አይተነፍስም። መዝሙር ሲጀመር የገዛ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። ሌሎቹ ልጆች ሲዘምሩ እሱ አፉን ይዞ ይቆማል፤ አባቱ እጁን ሲያወርድለት መልሶ ያነሣዋል። ለምን ስለው «ኢሽ ዳርፍ ኒሽት» ይለኛል፤ አልተፈቀደልኝም ማለቱ ነው። ሥራ ላይ ትሪ እየደረደርኩ ያቺ ትንሽ እጁ ትታየኛለች። ቤት ገብቼ እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና አጥባለሁ። ተናድጃለሁ፣ ጋሽ ሕሩይ። በትሕትና ነው የተናደድኩት፤ ቢሆንም ተናድጃለሁ። የአስተማሪነቱን ቦታ ለፈለጋችሁት ስጡት፤ እኔ የምፈልገው የልጄን ድምፅ ነው።

ይህን የምጽፍልዎት ሰው ስላጣሁ አይደለም። ወደዚህ አገር ስመጣ አንድ ቃል ጀርመንኛ አልነበረኝም፤ ከቢሮ ቢሮ ይዘውኝ የዞሩት፣ ወረፋ ቆመው ስለ እኔ የተናገሩት እርስዎ ነበሩ። ያን ጊዜ አፍ የሆኑኝ እርስዎ ነዎት። አልረሳሁትም፣ ልረሳውም አልችልም፤ ንዴቴን ያባባሰውም ይኸው ነው። የማላውቀው ሰው ቢያደርገው ልጆቼን ይዤ ሌላ አዳራሽ እሄድና በዚያው አበቃ ነበር።

ስለዚህ እሑድ እመጣለሁ። መድረክ ላይ ግን አልወጣም። የይቅርታው ሰዓት በፕሮግራሙ ስለተያዘ ባክኖ እንዳይቀር፣ በዚያ ሰዓት እርስዎ ከመድረክ ወርደው ወደ ኋላ ክፍል ቢመጡ፣ ወደ ልጁ ጎንበስ ቢሉና እጁን ከአፉ ላይ አውርደው «ተናገር፣ ልጄ» ቢሉት ይበቃናል። ማይክ አያስፈልግም። ሽማግሌ ሕፃንን ይቅርታ መጠየቅ ወጋችን ነው ወይ የሚል ቢኖር፣ ሽማግሌ የሕፃን አፍ ማስያዙም ከወጋችን ውስጥ እንዳልነበረ በአክብሮት አስታውሳለሁ። ይህ የማይሆን ከሆነ ተካልኝና እኔ ልጆቻችንን ይዘን እንሄዳለን፤ ወዴት እንደሆነ ገና አላወቅንም።

ስለ አባታዊ ጥንቃቄዎ፣ ያለ ምንም ጥያቄ ስለተሰጠው ፈጣን ፍርድ፣ ለልጄም ሥርዓት ማስተማሪያ የአንድ ጎልማሳ ወንድም መዳፍ ስለተመደበልን የቤተሰቤን ምስጋና እያቀረብኩ፣ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ አገልግሎትዎ እንዲሰፋ፣ ከሚያመሰግኑዎት ሰዎች መካከል እውነቱን የሚነግርዎ አንድ እንኳ እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ
ዘርፈሽዋል
የዶርቃና የቶሚ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ለራት ስንቀመጥ ተካልኝ ጸለየ፤ ዶርቃና እኔ አሜን አልን፤ ቶሚ ግን በገዛ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ አፉን ያዘ። ቤታችን እኮ ነው፣ ማንም የለም፣ በል ብንለው ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ አየና «ጋሽ ሕሩይ ይሰማል» ብሎ አንሾካሾከልን። የትም ብንሆን የሚሰማን አንድ አለ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ ግን ያ አንዱ እርስዎ መስለውታል። እባክዎ እሑድ መጥተው እርስዎ እንዳልሆኑ ይንገሩት።