ጓዳ የደበቅኳቸው ወንበሮች

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን። ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ በሄድሽበት መወደድን ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው የአባትሽ ግትርነት ነው።

ከአናጢ ቤታችን ፊት ለፊት የተከፈተው ትልቅ መደብር የፋብሪካ ወንበር በግማሽ ዋጋ እየሸጠ ደንበኞቻችንን ወሰዳቸው። ዋናው ሠራተኛችን እንኳ ባለፈው ሳምንት መጋዙን ሰብስቦ እዚያ ተቀጠረ። ወንበሮቹ ግን ሦስት ወር ሳይሞላቸው እግራቸው ይወልቃል፤ ሰውም ተሸክሞ ወደ እኛ ይመጣል። አባትሽ ደግሞ "እኔ ወንበር እሠራለሁ እንጂ የሰው ቆሻሻ አልጠግንም" እያለ ከበር ይመልሳቸዋል! "ሰውዬ፣ ሥራ በእግሩ መጥቶልናል፤ ጥገና እንጀምር" ብል ብሠራ ማን ሰምቶኝ።

ትናንት እንጨት ሊገዛ ሲወጣ አራት ወንበር ተቀብዬ ጓዳ ደበቅኩ። በስተርጅና ወንበር ሸሻጊ ልሁን?

አንቺ የድርጅት አማካሪ ነሽ። እባክሽ እሁድ ስትደውይ፣ ጥገናውን ያሰብሽው አንቺ እንደሆንሽ አድርገሽ ንገሪው፤ የውጭ ቃልም ጣል ጣል አድርጊበት። እኔ ስለው ጭቅጭቅ የሆነው ነገር፣ ካንቺ አፍ ሲወጣ ጥናት ይባላል።

አባትሽ ለእኔ የነፈገውን ጆሮ ላንቺ እንዲሰጥ ፈጣሪ ይርዳሽ።

እናትሽ