እማዬ «ድኛለሁ» ካለች በኋላ

መስከረም 29
የወንድሜን የገመቺስን ስልክ ጥሪ በአህያ ድምፅ ቀየርኩበት። ቢሮ ስብሰባ ላይ ጮኸ አሉ። እንደመጣ ጫማ ወረወረብኝ። እማዬ ግን አልሳቀችም። የጡት ካንሰር መድኃኒቱን ከጀመረች ዘጠኝ ቀኗ። ምግብ አይወርድላትም። እኔ ምን ላድርግ... ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሐኪም ልሁን?

ጥቅምት 2
እሁድ። እማዬ ቸርች መድረክ ላይ ወጥታ «ጌታ ፈውሶኛል! ድኛለሁ!» አለች። ጭብጨባ፣ እልልታ። ሰሞኑን ስታስመልስ ባልዲ የያዝኩት እኔ... ዝም አልኩ። እኔ? ዝም?

ጥቅምት 4
ፀጉሯ ትራስ ላይ ቀረ። ሁለተኛው ዙር መድኃኒት የዛሬ ሳምንት ነው።
«አልሄድም» አለች።
«ለምን?»
«ድኛለሁ ብዬ መስክሬ ሆስፒታል በር ላይ ቢያዩኝስ? ጌታን አዋረደች አይሉም?»
ገመቺስ ለመነ፣ ተቆጣ። እኔ «ፂም ለጥፈን እንውሰድሽ፣ ማን ያውቅሻል» አልኳት።
«ሂጂ ከዚህ!»
ካቋረጠች በሽታው ይዛመታል ብሏል ሐኪሙ። ብቀልድም ሰምቻለሁ።

ጥቅምት 7
እንጦጦ ዳገት ላይ እትዬ አገርነሽ ጋ ወጣሁ። የቸርቻችን ሰው ናቸው። ይሄው በሽታ ይዟቸው ታክመው ከዳኑ ስድስት ዓመት።
«ፌበን! ደግሞ ምን ተንኮል ልትሠሪ መጣሽ?»
አምና ጃንጥላቸውን ደብቄባቸው ዝናብ መቷቸዋል... ፈረደብኝ። ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አንስተው እማዬ ጋ ተከተሉኝ።
«የሺሃረግ፣ እኔም እንዳንቺ መስክሬያለሁ» አሏት። «በማግስቱ ግን መድኃኒቴን ልወስድ ሄድኩ።»
«ሰው አላየዎትም?»
«አየኝ እንጂ! ዲያቆን በዳዳ፣ እዚያው በር ላይ። ‹እህት አገርነሽ፣ ምን ሆነው ነው?› አለኝ። ‹ልታከም ነዋ› አልኩት። ለካ እሱም ኪንታሮቱን ሊታይ መጥቶ ነው! ከኔ ይልቅ እሱ አፈረ።»
እማዬ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ?
«ሰው ደስ እንዲለው ብዬ ነበር ድኛለሁ ለማለት የቸኮልኩት» አሏት ቀስ ብለው። «ማክሰኞ አብሬሽ እሄዳለሁ።»


ጥቅምት 11
ሄደች። የሆስፒታሉ በር ጋ ስትደርስ ግራ ቀኝ አየች፣ ገባች። መድኃኒቱ በክንዷ ጠብ ጠብ ሲል አራት ሰዓት ፈጀ። እትዬ አገርነሽ እጇን እንደያዙ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አንኮራፉ። በስልኬ ቀዳኋቸው።

ጥቅምት 30
እሁድ። ምስክርነት ያለው ሲባል እማዬ ተነሳች። በሻሹ ስር አንድ ፀጉር የላትም።
«ድኛለሁ ብያችሁ ነበር። ገና ነኝ። ከነገ ወዲያ ሦስተኛውን ዙር እወስዳለሁ። ጸልዩልኝ።»
ማንም አላጨበጨበም። እማዬ ቆማለች... መቀመጥም አልቻለችም።
«አሜን» አልኩ ከኋላ።
ሰው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። ይቺ ልጅ ደግሞ ጀመራት ብለው ነው።
አልጀመረኝም። ጮክ ብዬ ደገምኩት።