በድሉ ዜና ዳር የተጻፈው

ጥቅምት 11፣ ከአሮጌ ጋዜጣና መጻሕፍት ሱቄ

ለውዷ እታለም፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጅሽ ብርዱ ጠንክሮባችኋል ብላኝ አሳስቦኛል። እኛ ደህና ነን፤ ባለቤቴም ሰላም ብላሻለች። እኔ ግን የማወራሽ ደህና ነገር የለኝም። ደጋግሜ ደውዬ ድምፅሽን ስሰማ ስለ አየሩ ብቻ አውርቼ ዘጋሁት። በወረቀት ይሻለኛል፤ ወረቀት ፊት አያይም።

በሰው እጅ የላክሽው ጋዜጣ ደርሶኛል። "እጥፋቱን ብቻ ጠግንልኝ። ዳሩ ላይ የተጻፈውን እንዳትነካ፣ እንዳታነብም" ብለሽኝ ነበር። ሁለቱንም አፍርሻለሁ።

"ጄኔራሉ" የምንለው ደንበኛ አለኝ። የጥርስ ሐኪም ነው፤ ጥርስ ከመንቀል በቀር ውጊያ የሚባል አያውቅም። የጦርነት ዘመን ጋዜጣ ሲያይ ግን አያስችለውም። የውጊያ ዜና የወጣበትን ብቻ ይሰበስባል፤ እርሳስ የነካውን ደግሞ አይፈልግም። ልክ እንዳንቺው ያለ፣ የዚያኑ ቀን ጋዜጣ ፈልግልኝ ብሎኝ ከአንድ አሮጌ እስር ውስጥ አግኝቼለት ነበር። ዳሩ ላይ አንድ ባለሱቅ ሒሳቡን ሠርቶበታል። የእሱን በላጲስ ላጸዳ፣ ያንቺን እጥፋት በስስ ወረቀት ልለጥፍ ብዬ ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። ጄኔራሉ መጣና እንደ ልማዱ ወንበር ስቦ ውጊያውን ይተርክልኝ ጀመር። እሱ ምሽግ ሲሰብር እኔ እየሳቅሁ ላጲሴን እነዳለሁ። እጄ ሥራውን ስለሚያውቅ ዓይኔን አላስፈለገውም። ፍርፋሪውን በብሩሽ ጠርጌ ሌላኛውን ሳነሳ እጥፋቱ ደህና ነው፤ የባለሱቁ ሒሳብም እንዳለ አለ።

እታለም፣ ያጠፋሁት የጋሼን ጽሑፍ ነው። ባልሽ ከግንባር ፈቃድ መጥቶ በገዛ እጁ የጻፈልሽን፣ ተመልሶ ሄዶ ሲቀር ከእሱ የተረፈሽን። ጄኔራሉ ወረቀቱን ብድግ አድርጎ "እንዲህ የጠራ አይቼ አላውቅም፤ ይሄኛውን ስጠኝ" አለኝ። ከእጁ ነጠቅሁት። ተቀይሞኝ ወጣ፤ እሱ ምን ያድርግ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ላታልልሽ ነበር። ጋሼ ተጭኖ ስለጻፈው ስርጉዱ ቀርቷል፤ የስልኬን መብራት ከጎን ሳበራበት ፊደሎቹ ተለይተው ይታያሉ። በላያቸው ልሄድባቸው እርሳስ ቀረጽኩ። ባለቤቴ አየችኝና "የሟች እጅ እኮ ነው። አንተ ምን ቤት ነህ?" አለችኝ። አፍሬ እርሳሱን አስቀመጥኩት። ግን አንብቤው ነበር።

ጋዜጣው "ጠላት ተደመሰሰ፤ በወገን ላይ የደረሰ ጉዳት የለም" ይላል። ጋሼ ከጎኑ እንዲህ ብሏል፦ "ውሸት ነው። አብረውኝ የሄዱት አልቀዋል። ወንድምሽን እንዳትልኪው፣ ደብቂው። ቢጠላሽም ይጥላሽ፤ ብቻ ይኑር።"

ልዘምት ስነሳ ልብሴን ሰውረሽ አክስታችን ጓዳ ቆልፈሽብኝ የከረምሽው ለዚህ ኖሯል። ጓደኞቼ ሲሄዱ እኔን እንደ ዶሮ ጓዳ አስቀርታ አዋረደችኝ ብዬ ስንት ጊዜ አኮረፍኩሽ! የጋሼ መርዶ ሲመጣ እንኳ አጠገብሽ አልተቀመጥኩም። ይህን ወረቀት ፊቴ ዘርግተሽ አፌን ማስያዝ ትችዪ ነበር። ዝም አልሽ። ቂሜ ወደ ሟቹ እንዳይሄድ ራስሽ ላይ አስቀረሽው። እኔም ያቆየኝን ቃል እየሳቅሁ በላጲስ ፋቅሁት። አሁን በምን ዓይኔ አይሻለሁ?

እጥፋቱን በደንብ ጠግኜዋለሁ። ዳሩን ግን ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። መስኮት አጠገብ ቀና አድርገሽ ያዢው፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ታገኚዋለሽ። ካቃተሽ ጣትሽን አሳልፊበት፣ ጋሼ እዚያው አለ። ይቅር በይኝ ለማለት ደፍሬ አልደውልልሽም፤ ልትቆጪኝ ስትደውዪ ግን አነሳለሁ።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ። ከልጅ ልጆችሽ ጋር ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ክፉ አያሳይሽ።

ደብቀሽ ያኖርሽው ወንድምሽ