ሎሚ ሎሚ የሚሸት ሳሙና

የማህፀኔ ፍሬ፣ ያለሽበት አገር ይመችሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ «ወይ ጉልበቴ» እያለ ያማርራል እንጂ ከገበታ አይቀርም።

የልጅ ልጄ መራመድ ጀመረች ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ታውቂያት የለ? ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ የልብስ ፈሳሽ ሳሙና በለስላሳ ጠርሙስ አስቀድታ፣ ከስፌት መኪናዋ ሥር አስቀመጠችው። ቢጫ ነው፤ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ትንሿ ልጇ ለስላሳ መስሏት ጠጣችው። ነፍሷ ተርፋለች፤ ጉሮሮዋ ግን ተቃጥሎ በቱቦ ነው የምትመገበው። እናቷ «ሽታው ሸነገለኝ» እያለች ደረቷን ትደቃለች።

አንቺንም ሽታና አረፋ እንዳይሸነግልሽ፣ አደራ! የጸዳ ልብስ ምንም አይሸትም። ሽቶ የሌለው፣ ምን እንዳለበት በግልጽ የተጻፈበት፣ ክዳኑን ልጅ የማይከፍተው ሳሙና ግዢ። ወደ ሌላ ዕቃ አትገልብጪው፤ ከፍ አድርገሽ ቆልፊበት። «አበዛሽው» በይኝ፣ ግድ የለኝም።

ያቺ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ከአጥር ማዶ «አያቴ!» እያለች ጆሮዬን ታደነቁረው ነበር። አሁን ድምጿ አይወጣም፤ በሬን ታንኳኳና ታየኛለች።

እግዜር የልጅሽን ድምፅ ይጠብቅልሽ። ስትደውዪ መጀመሪያ እሷን አቅርቢልኝ፤ እንደ ልቧ ትጩኽብኝ።

እናትሽ